ስማቸው በሀ ሁ ይጻፍ፦ የመታሰቢያ መዝገብና የመታሰቢያ ቀን የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊው
ሰላም ለሁላችሁም፣ የምሩቃን ማኅበራችን አባላት። ባለፈው ስብሰባ ላይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ አስተምረው፣ ሠርተው ወይም ደግፈው ያለፉትን የምናስብበት አንድ ነገር ይኑር ብለን ነበር። ምን ይሁን የሚለው ላይ ሳንስማማ ሻዩ ቀዘቀዘና ተለያየን። የእኔ ረቂቅ ይኸው። በስድስት ኪሎ ግቢ፣ ከቀድሞው ቤተ መንግሥት ከገነተ ልዑል ፊት ለፊት፣ የእብነ በረድ ሐውልት ይቁም። ላዩ ላይ የታላላቅ ሰዎች ስም ይቀረጽ። በዓመት አንድ ቀን አበባ እናስቀምጥ። ደብዳቤው ለዩኒቨርሲቲው ከመግባቱ በፊት አርሙት፣ ቁረጡት።

ገንዘብ ያዥ
እብነ በረዱን በምን ልትገዛው ነው ወንድሜ? ያለን ገንዘብ ለአበባውም አይበቃ። ሐውልት ከፈለግክ ደግሞ ከበሩ ውጭ የየካቲት 12 ሐውልት ቆሟል፣ እሱ አጠገብ የእኛ ምን ይመስላል? እኔ መዝገብ ይሻላል ባይ ነኝ። በእጅ የሚጻፍ ትልቅ መዝገብ፣ ቅጂው ኮምፒውተር ላይ። በዓመት አንድ ቀን ስም ይነበብ። ወጪው ወረቀትና ቀለም ነው።

የታሪክ ምሩቅ፣ አዲስ አበባ
መዝገቡን ደግፌያለሁ። “ታላላቅ” የሚለው ቃል ግን ይውጣልኝ። ትልልቆቹ መቼ ተረሱ? ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ ዓድዋ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ቀንድ አውጣው ሞቶ አየ፤ ቀንድ አውጣው ቢልሃርዚያን አስተላላፊ ነውና የበሽታው መከላከያ ነገር ከዚያ ጀመረ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በስሙ ይጠራል። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም አለው። ላይብረሪው በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በኬኔዲ ስም ነው፤ ሰውየው ግቢውን ረግጦት አያውቅም፣ ግን የአሜሪካ እርዳታ ነውና ይሁን። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስትን በ2009 ሥላሴ ካቴድራል ቀብረናቸዋል።

እኔ የማስበው ሌላ ሰው ነው። ምሳ ቤት አንዲት እናት ነበሩ። ከሲታ ነበርኩና ስደርስ ጭልፋቸውን ሁለቴ ይነክሩልኝ ነበር። አራት ዓመት አበሉኝ። “እማማ” ከማለት በቀር ስማቸውን አላውቅም። በእኛ መዝገብ እሳቸው የት ይገባሉ?

የሕክምና ምሩቅ
“ሠራተኛ” የሚለውም ይብራራ። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የሕክምና ፋኩልቲውን ካቆሙት አንዱ ናቸው፣ ዲንም ነበሩ። በ1985 ከ40 በላይ መምህራን ሲባረሩ አብረው ተባረሩ። በ1991 ሲያርፉ እንግዲህ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ አልነበሩም። የመዝገቡ ቅጽ “በሥራ ላይ እያለ የሞተ” ካለ እሳቸው ይቀራሉ። “በማናቸውም ጊዜ ያገለገለ” እንበል።

ጸሐፊው
ተቀብያለሁ። ሐውልቱንም ቀበርኩት፣ ነፍሱን ይማር። ቀኑስ? በ1942 የዩኒቨርሲቲው መነሻ የሆነው ኮሌጅ የተመሠረተበት ወር መጋቢት አይሻልም?

የታሪክ ምሩቅ፣ አዲስ አበባ
ልደትና ሙት ዓመት አታደባልቅ። የዚህ ግቢ የሐዘን ወር ታኅሣሥ ነው። በ1953 መፈንቅለ መንግሥት፣ ታግተው የነበሩት ሹማምንት የተረሸኑት ገነተ ልዑል ውስጥ ነው። ያኔ ቤተ መንግሥት ነበር፤ ከዚያ ነው ጃንሆይ ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ማታ የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግስቱ አስከሬኑን ግቢ አምጥተው ሲያለቅሱ የክብር ዘበኛ ተኮሰባቸው። በ1985ም በተማሪዎች ሰልፍ ላይ የተተኮሰው በታኅሣሥ ነበር። ሌላ ወር ምን ያስፈልገናል?

የኢኮኖሚክስ ምሩቅ
ታኅሣሥ 20 ካልን ቀኑ የተማሪዎች ንቅናቄ ቀን ይሆናል። አባቴ እዚያ የሒሳብ ሹም ነበር፣ በስኳር ሕመም ነው የሞተው። እሱን ማን ያስታውሰዋል? ወሩ ይያዝ፣ ቀኑ ቅዳሜ ይሁን። ሥራ ያለውም ይመጣል፣ አርብ ጁምዓ ያለበትም አይቸገርም።

ገንዘብ ያዥ
ታኅሣሥ የነቢያት ጾም ነው፣ ያ ለካዝናችን ጥሩ ዜና ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ትሪ ይበላል፣ የሥጋ ነገር አይነሳም። ጸሎቱም የህሊና ጸሎት ይሁን፣ ከዚያ ሁሉም በየቤተ እምነቱ።

የሕግ ምሩቅ፣ ዋሽንግተን
አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ስለ ጃንሆይ። ግቢውን የሰጡት እሳቸው ናቸውና “ደጋፊ” በሚለው ሥር ሊገቡ ነው? ጥላሁን በእሳቸው ዘመን ተገድሎ፣ ስሙ ከስማቸው ጋር በአንድ መዝገብ?

የታሪክ ምሩቅ፣ አዲስ አበባ
አዎ፣ በአንድ መዝገብ። በሀ ሁ ተራ ይጻፍ፤ ማዕረግ፣ ክፍል፣ አንደኛ ሁለተኛ የለም። ካናዳዊው ሉስየን ማት፣ የኮሌጁ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት፣ በ“ለ”። ሪቻርድ በ“ረ”። ጃንሆይ፣ ኃይለ ሥላሴ ተብለው፣ በ“ኀ”። አሥራት በ“አ”። ጥላሁን በ“ጠ”። ማን ከማን ይቀመጥ የሚለውን ፊደሉ ይፍረደው። (የሀ፣ ሐ እና ኀ ነገር ራሱ ያጣላናል። ቤተሰብ እንደሚጽፈው ይጻፍ፣ አለዚያ እስከ ፋሲካ አንጨርስም።)

የሕግ ምሩቅ፣ ዋሽንግተን
ፊደሉን ተቀበልኩ። ግን ረቂቁ ላይ “የሞቱበት ምክንያት” የሚል ሣጥን አለ። ማን አስገባው? ይውጣ።

የኢኮኖሚክስ ምሩቅ
እኔ ነኝ ያስገባሁት። የተገደለውንና ታሞ የሞተውን እኩል “አረፉ” ካልን፣ ገዳዩ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም?

የሕግ ምሩቅ፣ ዋሽንግተን
ሐሳብህ ገብቶኛል። ግን ስማኝ። ወንድሜ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። በ1970 ከቤት ወሰዱት። አስከሬን አልተሰጠንም። ልቅሶ መቀመጥም ተከልክለን ነበር፤ እናቴ በር ዘግታ፣ ጨርቅ ነክሳ ነው ያለቀሰችው። ሰልስት የለ፣ አርባ የለ። እኔ “ቀይ ሽብር” ብዬ ብሞላ፣ አንዱ ተነስቶ የየትኛው ድርጅት ነበር፣ እሱስ ማንን አስገደለ ይላል። ኢሕአፓና መኢሶን አሁንም በየካፌው እዚህ ይጨቃጨቃሉ። ወንድሜን ለዚያ ጭቅጭቅ አልሰጥም። ቀኑንም አላውቀውም፤ “የሞተበት ቀን” የሚለውን ምን ብዬ ልሙላው?

ጸሐፊው
ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ትላንት ማታ ይህን አንብቤ መልስ መጻፍ አቃተኝ።

እንዲህ ብናደርገውስ? “ምክንያት” የሚለው ሣጥን ይጥፋ። በምትኩ ለቤተሰብ ሦስት መስመር ይተው። መጻፍ የሚፈልግ እንዴት እንደሞተ ይጻፍ፣ የማይፈልግ ባዶ ይተወው። እኛ አናርምም። ቀኑ ለማይታወቅ ደግሞ “ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት” እንበል።

የኢኮኖሚክስ ምሩቅ
ይሁን። ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ስለ ወንድምዎ አላወቅኩም ነበር።

የሕግ ምሩቅ፣ ዋሽንግተን
ከየት ታውቀዋለህ ልጄ። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ሹራብ ለብሶ ነው፣ ቡና ዓይነት ሹራብ። እሱን እጽፋለሁ።

ጸሐፊው
ለዩኒቨርሲቲው የሚገባው ሐሳብ እስካሁን ይህ ነው፦

“ማኅበራችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማናቸውም ጊዜ የተማሩ፣ ያስተማሩ፣ ያገለገሉና የደገፉ ሟቾች ስም በሀ ሁ ተራ፣ ያለ ማዕረግ የሚሰፍርበት መዝገብ ያዘጋጃል። መዝገቡ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ፣ በየዓመቱ በታኅሣሥ ሦስተኛ ቅዳሜ በግቢው ውስጥ ስም እንዲነበብ ፈቃድ እንጠይቃለን። የምግቡን ወጪ ማኅበሩ ይችላል።”

ገንዘብ ያዥ
“ይችላል” ያልከው ማን ፈቅዶልህ ነው? እሺ፣ ይችላል።

የእማማ ነገር ግን አልተፈታም። ጥበቃው፣ ወጥ ሠሪው፣ መጽሐፍ አመላላሹ በስም ካልተገኙ መዝገቡ የምሩቃን ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የሕክምና ምሩቅ
ጡረታ የወጡ ሠራተኞችን እንጠይቅ። ዕድር ከነበራቸው እዚያ መዝገብ ላይ ይገኛሉ። ጥሩንባ የተነፋለትን ሰው ዕድር ስሙን አይስትም። በር ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ፣ ቤታቸው ከሽሮ ሜዳ ወዲያ ነው። ስልክ የላቸውም፣ በእግር መሄድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ስድስት ኪሎ በሩ ላይ ማን ይገኛል?

የታሪክ ምሩቅ፣ አዲስ አበባ
እኔ አለሁ። ስኳርና ቡና ይዤ እመጣለሁ፣ ባዶ እጅ አንሄድም።