ኦቨን የለኝም፤ የማንጎ ኮብለር በብረት መጥበሻ መጋገር ይቻላል?

የሳቢያኗ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ቅዳሜ ማታ የባለቤቴ እህቶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ከእራት በኋላ የማንጎ ኮብለር ላቀርብላቸው አስቤያለሁ።

ለማታውቁት ኮብለር አሜሪካኖች የሚወዱት ጣፋጭ ነው። ከስር ፍራፍሬ፣ ከላይ ለስላሳ ሊጥ ሆኖ አብሮ ይጋገራል። ብዙዎቹ በወፍራም የብረት መጥበሻ ሠርተው፣ ከነመጥበሻው በትኩሱ ጠረጴዛ ላይ ያቀርቡታል። እነሱ የሚያዘወትሩት ኮክ ነው። እኔ ግን ቀፊራ ገበያ ማንጎ እያለልኝ ኮክ ፍለጋ አልወጣም።

ያየሁት አሠራር ሁሉ «ኦቨኑን 180 ዲግሪ አሙቁ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ኦቨን የለኝም። ያለኝ የጋዝ ምድጃ፣ የከሰል ምድጃና ከባድ የብረት መጥበሻ ነው። መጥበሻው ወርዱ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ እጀታውም ብረት ነው። ያለ ኦቨን ላዩ ይበስልልኛል? ማንጎው ውሃ አብዝቶ ሊጡን አያላቁጠውም? ቅቤውስ የትኛው ይሻላል? እንግዳ ፊት ከማቅረቤ በፊት የምታውቁትን ንገሩኝ።

ጋጋሪው ከከዚራ

ይቻላል፣ በደንብ ይቻላል። እንዲያውም ኮብለር ሲጀመር የኦቨን ምግብ አልነበረም። የድሮ አሜሪካ ሰፋሪዎች ከባድ የብረት ድስት ፍም ላይ ይጥዱና ክዳኑ ላይም ፍም ይከምሩ ነበር። ይሄ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ እሳቱን ከላይም ከታችም አይደል የሚያደርጉት? አንቺም እንደዚያው አድርጊ።

ስለዚህ ጋዙን ለማንጎው ማብሰያ ብቻ ተጠቀሚበት። ለመጋገሪያ አይሆንሽም። የጋዝ እሳት ከታች ብቻ ነው የሚመጣው። ስሩ ስኳር ስላለበት ቶሎ ያርራል፣ ላዩ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ክዳን ብትከድኚበት እንኳ እንፋሎቱ ተመልሶ ሊጡ ላይ ይንጠባጠባል። የምትፈልጊው የተጋገረ ነው፣ በእንፋሎት የተቀቀለ አይደለም።

ከሰሉን ደህና አድርገሽ አቀጣጥይው። ጭሱ ጠፍቶ ላዩ አመድ ሲለብስ ፍሙን ሦስት ቦታ ክፈይው። አንዱን እጅ ከታች፣ ሁለቱን እጅ ክዳኑ ላይ አድርጊ። ብዙ ሰው ይሄን ገልብጦ ከታች ያበዛና ያሳርረዋል። ከስር ያለውን ፍም መሀል ላይ አትከምሪው፣ ዙሪያውን በትኝው። ክዳኑም ላይ እንደዚሁ ዳር ዳሩን ይሁን።

ክዳኑን በተመለከተ ሦስት ነገር አደራ። መስታወት ክዳን ላይ ፍም አይደረግም፣ ይሰነጠቃል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮም አይሁን፤ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ይጎዳል። ደግሞ ሊጡ ስለሚነፋ ጠፍጣፋ ክዳን ከሆነ ይነካዋል። ጎድጎድ ያለ፣ ጠርዝ ያለው የብረት ክዳን ፈልጊ። ከሌለሽ መጥበሻውን ከግማሽ በላይ አትሙዪው።

ደግሞ ግቢ ውስጥ፣ አየር ላይ ጋግሪው። ፍም ጭስ ባይኖረውም በተዘጋ ኩሽና ሰው ይገድላል።

የሳቢያኗ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። የድፎው ነገር ጭራሽ አልታየኝም ነበር። ክዳን ከአክስቴ አገኛለሁ፣ ጠርዝ ያለው ነው። ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ጋጋሪው ከከዚራ

ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ነው። በፍም ላይ ሰዓት ብቻ አይታመንም፤ ዓይንሽንና አፍንጫሽን እመኚ። የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ ግን አትክፈችው፣ ሊጡ የሚነሳው ያኔ ነው። በየ10 ደቂቃው መጥበሻውን በትንሹ አዙሪው። ፍም በሁሉም ጎን እኩል አይግልም። ክዳኑ ላይ ያለው ሲከስም አዲስ ፍም ጨምሪ፤ ከታች ያለውን ግን አትንኪው። ዳር ዳሩ ቀልቶ ከመጥበሻው ሲላቀቅ ሊጡ ላይ ስንጥር ስደጂበት። እርጥብ ሊጥ ይዞ ካልወጣ በስሏል። ማንጎው ጋ ከወጋሽው ሁሌም እርጥብ ስለሚሆን አያታልልሽ።

እመት ቀፊራ

ልጄ፣ እኔ ስለ ማንጎው ልንገርሽ። ፍራፍሬ እየሸጥኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት።

የአገሬው ትንሹ ማንጎ ጣፋጭ ነው፣ ለጭማቂ የሚያህለው የለም። ግን ጭረቱ ብዙ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ጥርስ ውስጥ ይቀራል። አፕል ማንጎ የሚሉትን ካገኘሽ እሱን ግዢ። ሥጋው ወፍራም ነው፣ ሲቆረጥም ቅርጹን ይይዛል። በጣም የበሰለውን አትምረጪ። ግንዱ የነበረበት ጋ ስታሸቺው የሚሸት፣ በአውራ ጣትሽ ስትጫኚው ግን ትንሽ የሚገፋሽ ይሁን። ሻጯን «ለዛሬ ማታ የሚሆን» በያት፣ ታውቃለች። የማታውቅ ከሆነች አልፈሻት ሂጂ።

ውሃውን የፈራሽው ልክ ነሽ። ጥሬውን አትክተቺው። ማንጎውን ከታትፈሽ ከስኳርና ከሎሚ ጋር ጋዝ ላይ ለአምስት ደቂቃ ያህል አንጨርጭሪው። የበቆሎ ስታርች በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ ጨምሪበትና እስኪፈላ አማስይው። ሲወፍርና ሲያብረቀርቅ አውርጂው። ስታርቹን ደረቁን ትኩስ ማንጎ ላይ ከበተንሽው ይጓጉላል። ሎሚውን አትርሺ። የበሰለ ማንጎ ኮምጣጣነቱ ስለሚቀንስ ያለ ሎሚ ስልችት ያደርጋል።

ቅቤው ለጋ ይሁን። ወጥ ቤት ያለው ንጥር ቅቤ ኮረሪማውም፣ በሶብላውም፣ እርዱም አለበት። ማንጎሽ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይሸታል። ለሽታ ከፈለግሽ ትንሽ ሄል ወቅጠሽ ጣል አድርጊበት፤ ከማንጎ ጋር ይዋደዳል። ቀረፋም ጥሩ ነው፣ ግን ቀረፋው ይበረታል።

የጁገሏ

ከሐረር ነኝ። እመት ቀፊራ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ በቅቤው ግን ትንሽ እለያለሁ። ቅመም ያልገባበት ንጥር ቅቤ ከለጋው የተሻለ ይመስለኛል። ለጋ ቅቤ ውስጥ ውሃና የወተት ትራፊ አለ። ብረቱ ሲግል ቶሎ የሚጠቁረው ያ ትራፊ ነው። በኦቨን ሙቀቱን መቆጣጠር ስለሚቻል ችግር የለውም። በፍም ግን የተነጠረው ልብ ያሳርፋል። ስታነጥሪው ከቅመሙ በፊት ጥቂት ቀንሰሽ አስቀሪ፣ በቃ።

ሌላው የከፍታ ነገር ነው። የአሜሪካኖቹ ልክ ለባሕር ወለል ቅርብ ለሆነ ቦታ የተሠራ ነው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር፣ ድሬ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ቤኪንግ ፓውደር የሚያወጣው ጋዝ በቀላሉ ይሰፋና ሊጡን በፍጥነት ይነፋዋል፤ ሳይጠነክር ደግሞ መልሶ ይሰምጣል። እዚህ ሐረር ሁለት የሻይ ማንኪያ ቢል አንድ ከሩብ እናደርጋለን። አንቺ አንድ ተኩል ይበቃሻል። ወተቱንም አንድ ሁለት ማንኪያ ጨመር አድርጊበት፤ ከፍታ ላይ ቶሎ ይደርቃል።

የለገሃሬ ልጅ

ልኩን ማንም አልጻፈውም፤ እኔ ልጻፈው። ለ25 ሳንቲ ሜትሩ መጥበሻ ይበቃል፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይመግባል።

የተላጠና የተከተፈ ማንጎ 700 ግራም ያህል። ለማንጎው ስኳር 50 ግራም፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ የበቆሎ ስታርች አንድ የሾርባ ማንኪያ። ለሊጡ ፊኖ ዱቄት 125 ግራም፣ ስኳር 100 ግራም፣ ወተት 240 ሚሊ ሊትር፣ ቤኪንግ ፓውደር የጁገሏ እንዳለችው፣ ጨው ቆንጠር አድርጎ። ቅቤ 80 ግራም። የአሜሪካኖቹ 115 ግራም ቅቤና 200 ግራም ስኳር ይላል፤ ለእኛ ማንጎ ያ ሁሉ ስኳር አያስፈልገውም። ኪሎ ከሌለሽ ሁሉንም በአንድ ብርጭቆ ለኪ፤ ለዱቄቱ ብርጭቆ ሙሉ ከሆነ ወተቱም ያንኑ ብርጭቆ ሙሉ፣ ስኳሩ ግማሽ ነው።

ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው። ቅቤውን መጥበሻው ውስጥ አቅልጪና መጥበሻው ራሱ ይጋል። ሊጡን ለብቻው በጥብጠሽ የጋለው ቅቤ ላይ አፍስሺው። ቅቤው ወደ ዳር ይወጣል፣ አታማስይው። ከዚያ ማንጎውን ከነስልሱ ሊጡ ላይ በማንኪያ አከፋፍለሽ ጣል ጣል አድርጊ። አሁንም አታማስይ! ሲጋገር ማንጎው ይሰምጣል፣ ሊጡ በመሀሉ ሰንጥቆ ወደ ላይ ይወጣል። የጠየቅሽው «ከስር ፍራፍሬ፣ ከላይ ሊጥ» የሚሆነው በራሱ ነው። ዳሩ ላይ ያለው በቅቤው ተጠብሶ ኩርሽም ኩርሽም ይላል። ለእኔ ምርጡ እሱ ነው።

ሊጡን ብዙ አትምቺው። ዱቄቱ ከተዋሐደ ይበቃዋል። ስትመችው ይጎተትና እንደ ዳቦ ይጠነክራል።

ጾመኛዋ

ጣልቃ ልግባና፣ ለጾም ይሆናል? ደግሞ ቤቴ ያለው ፓፓያ ነው፣ ማንጎ አላገኘሁም።

የጁገሏ

ይሆናል እህቴ። በቅቤው ፈንታ ሽታ የሌለው ዘይት ተጠቀሚ፣ በወተቱ ፈንታ አምቦ ውሃ። ጋዙ ሊጡን ቀለል ያደርገዋል። በጥብጠሽ አታቆይው፣ ወዲያው አፍስሺው። ቀለሙ እንደ ፍስኩ አይቀላም፤ ላዩ ላይ ትንሽ ስኳር በትኝበት።

ፓፓያው ይቻላል፣ ግን ማብሰሉን አትዝለይ። ጥሬ ፓፓያ ውስጥ ፕሮቲን የሚሰባብር ነገር አለ። ሥጋ የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ከወተት ጋር በጥሬው ከተገናኘ ወተቱን ያበላሸዋል፣ ይመራልም። ከፈላ በኋላ ግን ኃይሉ ይጠፋል። በጾሙ አሠራር ወተት ስለሌለ ያን ያህል አያሰጋሽም፤ ውሃው ስለሚበዛ ግን አሁንም ቀድመሽ አብስይው። ፓፓያ ጨርሶ አይኮመጥጥም፣ ስለዚህ ሎሚውን ሁለት አድርጊ።

በነገራችን ላይ ዘይቱን የሚባለውን ፍራፍሬ (ጓቫ) ያገኘ ሰው እሱን ይሞክር። ቀቅሎ ፍሬውን በወንፊት ማውጣት አድካሚ ነው፣ አልዋሽም። ግን በራሱ ስለሚወፍር ስታርች እንኳ ብዙ አይፈልግም፤ ሽታው ደግሞ ቤቱን ይሞላዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከማንጎም ይበልጣል።

እመት ቀፊራ

የቅመሙን ነገር የጁገሏ ልክ ነች፤ ቅመም ሳይገባበት የተነጠረ ይሁን። እኔም የሸሸሁት ቅመሙን ነው።

የሳቢያኗ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። እንግዶቹ የሚደርሱበት ሰዓት አይታወቅም፤ ቀድሜ ልጋግረው ወይስ ልጠብቅ? የተረፈውስ በድሬ ሙቀት ያድራል?

ጋጋሪው ከከዚራ

ማንጎውን ጠዋት አብስለሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ። ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ጨውንና ቤኪንግ ፓውደሩን በደረቁ ቀላቅለሽ አዘጋጂ። ወተቱን ግን አሁን አትጨምሪ፤ ቤኪንግ ፓውደር እርጥበት ሲያገኝ ወዲያው ሥራውን ይጀምራል። እንግዶቹ እራት ሲቀመጡ አንቺ ሊጡን አፍስሺ። ማንጎውን ከፍሪጅ አውጥተሽ ለብ አድርጊው፤ ቀዝቃዛውን ከጣልሽበት መሀሉ ይዘገያል። በልተው ሻይ እስኪሉ ይደርሳል። ከእሳት ሲወርድ 15 ደቂቃ ይረፍ። ስልሱ የሚጠነክረው ያኔ ነው፣ በዚያ ላይ ትኩስ ስኳር ምላስ ይልጣል። ከጎኑ አይስክሬም ካገኘሽ ጥሩ፣ ካላገኘሽ ቀዝቃዛ እርጎ ያምርበታል።

የተረፈውን መጥበሻው ውስጥ አታሳድሪው። ኮምጣጣ ነገር ብረቱ ላይ ሲቆይ ጣዕሙ ብረት ብረት ይላል፣ የመጥበሻውም ልባስ ይነሳል። ወደ ሳህን ገልብጠሽ ፍሪጅ አስገቢው፤ ወተትና ፍራፍሬ በድሬ ሙቀት ውጭ አያድርም። መጥበሻውን በሙቅ ውሃ አጥበሽ እሳት ላይ አድርቂና ዘይት ቀባ አድርጊው። ጠዋት ስታሞቂው በትንሽ እሳት ይሁን፣ ክዳኑንም ገርበብ አድርጊው። ሙሉ ከዘጋሽው ላዩ ይላቁጣል።