በነባር የመዋኛ ገንዳ አጥር ላይ በአነስተኛ ወጪ በር ማውጣት፦ ከየት ልጀምር?

ጓሮ ወዳድ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በጓሯችን ያለው የመዋኛ ገንዳ ዙሪያውን በብረት ታጥሯል። መግቢያው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በቤቱ በኩል። ከፓምፑ ወደ ገንዳው ለመመላለስም ሆነ ቅጠል ለመጥረግ ቤቱን አቋርጦ መዞር ግድ ይላል። ባለቤቴ ሰልችቶት አጥሩን በመሰላል መሻገር ጀምሯል፤ መሰላሉን ደግሞ እዚያው ረስቶት ይሄዳል። የሦስት ዓመት ልጅ ስላለችን ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

የአጥሩ ቁመት 1.25 ሜትር ነው። ቋሚዎቹ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት ማዕዘን ቱቦዎች ሲሆኑ በየ2.40 ሜትሩ ቆመዋል። በመካከላቸው ላይና ታች ሁለት አግዳሚዎች አሉ፤ በእነርሱ ላይ ቀጫጭን ቁም ብረቶች በ9 ሴንቲ ሜትር ርቀት ተበይደዋል። ከሣሩ እስከ ታችኛው ጠርዝ 7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ተሠርቶ ያለቀ በር ማዘዝ ከአቅማችን በላይ ሆነ። መሰርሰሪያ፣ የብረት መቁረጫና ውሃ ልክ አለን፤ የብየዳ ማሽን የለንም። ያሰብኩት ከአጥሩ ላይ 1 ሜትር ያህል ቆርጬ ያንኑ ቁራጭ በማጠፊያ ሰቅዬ በር ላደርገው ነው። በውጭ በኩል መሬቱ ሽቅብ ስለሆነ ወደ ገንዳው እንዲከፈት አስቤአለሁ። ሞኝነት ከሆነ ሳትሳቀቁ ንገሩኝ።

አጭር መልስ

ቁረጪው፣ ማጠፊያ ግጠሚለት፣ በሰንሰለትና በጓጉንቸር ቁልፍ እሰሪው። አለቀ። ምንም የሚያወሳስብ ነገር የለውም።

በያጁ

ሞኝነት አይደለም እህቴ። ቁራጩን በር ማድረግ ከሁሉም የሚረክሰው መንገድ ነው፤ ቀለሙም ክፍተቱም ከቀረው አጥር ጋር አንድ ይሆናል። ነገር ግን 2.40 ሜትር ከሆነው ክፍል 1 ሜትር ስትቆርጪ የቀረው 1.40 ሜትር በአንድ ወገን ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሰው ሲደገፍበት ይታጠፋል። ስለዚህ በሚቆረጠው ቦታ ላይ አዲስ ቋሚ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ብረቱን ከቆረጠ በኋላ ነው።

አዲሱን ቋሚ በአጥሩ መስመር ላይ ሳይሆን ከአግዳሚዎቹ ጀርባ፣ በገንዳው ወገን ትከይዋለሽ። የቀረው አጥር በዩ ቅርጽ ማሰሪያ ከእርሱ ጋር ይያያዛል። በሩ ወደ ውጭ ከተከፈተ ደግሞ ሲመለስ የሚገታው ያው ቋሚ ስለሆነ ሌላ መግቻ አያሻውም። ማጠፊያዎቹ የሚያርፉት በነባሩ ቋሚ ላይ ነው። እርሱን አስቀድመሽ በሁለት እጅሽ ወዝውዢው፤ ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በመዶሻ ቀስ አድርገሽ ምቺው። ድምፁ የሞተ ከሆነ ወይም ዝገቱ ከተላጠ፣ ያ ቋሚ በር አይሸከምም።

ከ1 ሜትር አትለፊ። 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን 1 ሜትር ስፋት ያለው በር፣ ማጠፊያዎቹ 90 ሴንቲ ሜትር ከተራራቁ፣ የላይኛውን ማጠፊያ ወደ ጎን በ11 ኪሎ ግራም ያህል ይጎትተዋል። ስፋቱን 1.50 ሜትር ካደረግሽው ክብደቱም ወደ 30 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ጉተታው ደግሞ 25 ይደርሳል። አንድ ቀን ጧት በሩ ተንጋዶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የልጅ ልጆች አያት

አጭር መልስ ልጄ፣ አትቀየመኝ፤ ሰንሰለት የሚሠራው ሰው ሲያስታውሰው ብቻ ነው። እኛ ቤት የገንዳው በር ቁልፍ ነበረው፤ ሰንሰለትም ነበረው። አንድ እሑድ ሳህን ስናመላልስ በሩ እንዳያስቸግረን ብለን በጡብ አቆምነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው የልጅ ልጄ ገብቶ ከጠርዙ ላይ ተንበርክኮ እጁን ውሃው ውስጥ ሲያንቦጫርቅ አገኘሁት። አልጮኸም፣ አልጠራንም። ዘወር ያልኩት ማንኪያ ወድቆብኝ ነው እንጂ አንዳች ነገር ጠርጥሬ አይደለም።

ልጄ፣ በሩ ራሱ የሚዘጋ፣ ራሱ የሚቀረቀር ይሁን። ሌላውን ነገር እንደፈለግሽ አርክሺው።

ገንዳ አጽጂ

እማማ ያሉት ብዙ አገሮች በደንብ የጻፉት ነገር ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደህንነት ኮሚሽን መመሪያ አጥሩ ቢያንስ 1.22 ሜትር እንዲሆን፣ በሩ ከገንዳው ወደ ውጭ እንዲከፈት፣ ራሱን እንዲዘጋና እንዲቀረቀር ይላል። በአውስትራሊያ ቁመቱ 1.20 ሜትር ነው። በሁለቱም ዘንድ በቁም ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ጣሪያው። የእናንተ 9 ስለሆነ ደህና ነው። በምትኖሩበት ቦታ የተለየ ደንብ ካለ ግን ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ።

ወደ ውጭ መከፈቱ ላይ አትደራደሪ። ሕፃን ልጅ በር ሲያገኝ ይገፋል። ወደ ውጭ የሚከፈት በር ከውጭ ሲገፋ ይበልጥ ይዘጋል፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር፣ መቀርቀሪያው አንድ ቀን በትክክል ካልያዘ፣ ልጁን ተቀብሎ ያስገባዋል። መሬቱ ሽቅብ ከሆነ በሩን ወደሚቀጥለው ክፍል አዛውሪው ወይም አፈሩን ጥረጊው። በሩን ከፍ አድርገሽ አትስቀዪው፤ ከሥሩ የሚፈጠረው ክፍተት ለልጅ በቂ ነው።

ያሁኑም 7 ሴንቲ ሜትር በሣር ላይ ሲሆን አይጥመኝም፤ አፈር ይጫራል፣ ውሻ ይቆፍራል። ከበሩ ሥር ቀጭን የሲሚንቶ ደፍ አፍስሺና ወደ 4 አውርጂው።

ቱንቢ

አናጢ ነኝ፤ ብረት ሥራዬ አይደለም፤ ስለ ቅደም ተከተሉ ግን የምለው አለኝ። በያጁ ስለ አዲሱ ቋሚ ያለው ትክክል ነው። ቁረጪ የተባለው ግን ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ መሆን አለበት።

መጀመሪያ ጉድጓዱ። ስትቆፍሩ የፓምፑንና የመብራቱን ገመድ፣ የውሃውንም ቧንቧ መስመር ሳታውቁ አካፋ አታሳርፉ። አዲሱን ቋሚ 2.20 ሜትር አድርጊው፤ 65 ሴንቲ ሜትር ከመሬት በታች፣ 1.55 ከላይ። ለምን ከአጥሩ እንደሚረዝም በኋላ እመለስበታለሁ። በቱንቢ ወይም በውሃ ልክ በሁለት ወገን አስተካክለሽ ኮንክሪቱን አፍስሺና አንድ ሳምንት ተዪው። ኮንክሪት በሁለተኛው ቀን ድንጋይ መስሎ ይታያል፤ መንቀጥቀጥን ለመቋቋም ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ሳምንቱ ሲያልፍ፣ አጥሩ ገና ሳይቆረጥ፣ የበሩን ሁለት ጎኖች የሚይዙ ቁም ቱቦዎች በአንግል ብረትና በብሎን በአግዳሚዎቹ ላይ እሰሪ። አራቱን ማዕዘኖች በሦስት ማዕዘን ላሜራ አጠንክሪ። ማጠፊያዎቹን ግጠሚ፣ መቀርቀሪያውንም ግጠሚ። ከዚህ በኋላ ብቻ አግዳሚዎቹን ቁረጪ፤ በማጠፊያው በኩል ከቋሚው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀሽ። በሩ ገና ከመወለዱ በልኩ ተሰቅሎ ይገኛል፤ በእጅ ይዞ እያስተካከሉ መብሳት የሚባል ጣጣ አይኖርም። አጥሩም ለአንዲት ሌሊት እንኳን ተሸንቁሮ አያድርም።

ጓሮ ወዳድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማማ፣ የነገሩኝን ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ መሰላሉን ዝም ብሎ ወደ መጋዘን አስገባው።

ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። አንደኛ፣ ራሱን የሚዘጋ ማጠፊያ ዋጋው ከበድ ይላል። በተራ ማጠፊያ ላይ የበር ሞላ ብጨምር፣ ወይም በሩ በራሱ ክብደት እንዲመለስ ማጠፊያውን ትንሽ ባዘነብለውስ? ሁለተኛ፣ መቀርቀሪያው የት ቁመት ላይ ይሁን? አጥሩ አጭር ነው፤ ልጄ ደግሞ በየወሩ ትረዝማለች።

በያጁ

ማዘንበሉን እኔም ሞክሬዋለሁ። ማጠፊያውን ትንሽ አዘንብለሽ ስትገጥሚው በሩ ሲከፈት ከፍ ይላል፣ ሲለቀቅ ይወርዳል። ከሙሉ ክፍት ሲመለስ ደስ ይላል። ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው፤ በሩ ወደ መዘጊያው በቀረበ መጠን የሚገፋው ኃይል እያነሰ ይሄዳል፣ 2 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ምንም ጉልበት የለውም። አደገኛው ደግሞ ይኸው ገርበብ ያለው በር ነው፤ ከሩቅ የተዘጋ ይመስላል።

ተራ የበር ሞላ በገንዳ አጠገብ ክሎሪን በሞላበት አየር ቶሎ ይዝጋል። ውጥረቱ የሚስተካከል፣ ለውጭ የተሠራ የሞላ ማጠፊያ ሁለት ግዢ። ከብረቱ፣ ከሲሚንቶውና ከቀለሙ ያዳንሽውን እዚህ ላይ አውዪው። ብሎኖቹም የማይዝግ ብረት ይሁኑ። የቆረጥሽውን ጫፍ በዚያው ቀን ጸረ ዝገት ቀቢው፤ የቱቦውንም አፍ ድፈኚ፣ ካልደፈንሽው ውሃ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል።

ቱንቢ

ቋሚውን ረጅም አድርጊ ያልኩት ለሁለተኛው ጥያቄሽ ነው። የአሜሪካው መመሪያ የመክፈቻው እጀታ ከበሩ የታችኛው ጠርዝ ቢያንስ 1.37 ሜትር ከፍ እንዲል ይጠይቃል፤ በአውስትራሊያ ከመሬት 1.50 ሜትር ነው። በአጥርሽ ልክ የቆመ ቋሚ እዚያ አይደርስም። ከላይ ተስቦ የሚከፈት የመግነጢስ መቀርቀሪያ በረጅሙ ቋሚ ላይ፣ ተቀባዩ በበሩ ላይ ይገጠማል። መግነጢስ የምመርጠው ለመያዝ ግፊት ስለማይፈልግ ነው፤ በሩ በዝግታ ቢደርስም ይስበዋል።

እርሱም ከአቅም በላይ ከሆነ ተራ ራሱን የሚቀረቅር መቀርቀሪያ በገንዳው ወገን፣ ከበሩ አናት ቢያንስ 7.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይገጠማል። ያን ጊዜ ግን በዙሪያው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል በላሜራ መሸፈን አለበት፤ ትንሽ እጅ በብረቶቹ መካከል ሾልካ እንዳትደርስበት። ለሦስት ዓመት ልጅ 9 ሴንቲ ሜትር ለክንድ ከበቂ በላይ ነው።

ገንዳ አጽጂ

አንድ ነገር ረስተናል። ብረቱ ከገንዳው ጠርዝ ከ1.50 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ከሆነ ከገንዳው የኤሌክትሪክ ማያያዣ (በገንዳው ዙሪያ ያሉ ብረቶችን ሁሉ ከአደጋ ለመጠበቅ አንድ ላይ ከሚያገናኘው ሽቦ) ጋር መገናኘቱን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያረጋግጥ። ይህን በራስ መሥራት አይገባም።

አጭር መልስ

እሺ፣ ተረታሁ። የእኔንም ገንዳ በር ዛሬ ከ2 ሴንቲ ሜትር ላይ ለቀቅኩት። እንዳለ ቆመ።

ጓሮ ወዳድ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

በሩ ቆመ! ቦታውን በአንድ ክፍል አዛወርነው፤ እዚያ መሬቱ ለጥ ያለ ነው። ቋሚውን ተክለን ሰባት ቀን ጠበቅን፤ ባለቤቴ በአራተኛው ቀን መቁረጫውን ይዞ ሲወጣ ያዝኩትና መለስኩት። ማጠፊያና መቀርቀሪያ አስቀድመን ገጥመን በመጨረሻ ቆረጥነው። ከቁርጡ በኋላ ምንም አልወረደም፤ ገርሞኛል።

አልዋሽም፣ መጀመሪያ ላይ አልተሳካም። አሥር ጊዜ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ለቀቅኩት፤ ሦስቱን ብቻ ተቀረቀረ። የአንዱን ማጠፊያ ውጥረት ብቻ ስጨምር በሩ እየተላተመ አስደነገጠኝ። ሁለቱንም እኩል በትንሽ በትንሹ ጨመርኩ፤ ተቀባዩንም በሮንዴላ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት አወጣሁት። አሁን ከየትኛውም ቦታ ብለቀው፣ ሃያ ጊዜ በተከታታይ፣ ራሱ ገብቶ ጠቅ ይላል። ከዝናብ በኋላም ሞከርኩት።

የልጅ ልጆች አያት

ተባረኪ ልጄ። እስቲ ከአጥሩ ውጭ ቆመሽ ተመልከቺ፤ ልጅ ልትወጣበት የምትችል ነገር በአጠገቡ አለ? ወንበር፣ የአበባ ማሰሮ፣ ባልዲ?

ጓሮ ወዳድ

ማሰሮዎቹን አንስቻለሁ። ግን እማማ፣ አሁን ሲጠይቁኝ ነው ያየሁት፤ የፓምፑ ሳጥን ከአጥሩ በውጭ በኩል ግማሽ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው፤ ቁመቱም ለእርሷ ልክ እንደ ደረጃ ነው።

ገንዳ አጽጂ

ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ቧንቧውን ለማስረዘም ሁለት ክርንና አንድ ቁራጭ ይበቃል፤ የኤሌክትሪክ ገመዱን ግን ባለሙያው በመጣበት ቀን እርሱ ያዛውረው።

ጓሮ ወዳድ

ሐሙስ ይመጣል። እስከዚያ ልጅቷ ያለ እኔ ጓሮ አትወጣም።