የሃይማኖት ነፃነት በዲፕሎማሲ ግፊት ይገኛልን? ክርክር በኤርትራ፣ በሱዳንና በሳዑዲ ዓረቢያ ጉዳይ

አወያይ፦
ለክርክር የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። አሜሪካ በ1998 ባወጣችው ዓለም አቀፍ የሃይማኖት ነፃነት ሕግ መሠረት የአገሮችን ሁኔታ በየዓመቱ ትመረምራለች፤ ስልታዊ፣ ቀጣይና ከባድ ጥሰት ይፈጸምባቸዋል የምትላቸውንም «በተለይ አሳሳቢ አገሮች» በሚባለው መዝገብ ታሰፍራለች። ኤርትራ በ2004 ወደዚህ መዝገብ ከገባች ጀምሮ አልወጣችም። ይህ ግፊት ለታሳሪው ምእመን ምን አተረፈለት? መንግሥታትስ በዚሁ መንገድ ሊቀጥሉ ይገባልን? የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑ። በአገራችን ውስጥ ስላለው ሃይማኖታዊ ውዝግብ መጻፍ የሚሻ ተሳታፊ ሌላ ቀን ይጠብቅ፤ ያ በር አንዴ ከተከፈተ ወደ ጥያቄው እንደማንመለስ ሁላችንም እናውቃለን።

የሕግ ሰው፦
በእኔ እምነት ሊቀጥሉ ይገባል። «የአንድ አገር የውስጥ ጉዳይ ነው» የሚለው መከራከሪያ በኤርትራ ላይ አይሠራም፤ ምክንያቱም ኤርትራ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንን በጥር 2002 ወዳና ፈቅዳ ተቀብላለች፤ የቃል ኪዳኑ 18ኛ አንቀጽም ማንኛውም ሰው ብቻውንም ሆነ ከሌሎች ጋር፣ በአደባባይም ሆነ በግል፣ እምነቱን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን በተቀበለች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በግንቦት 2002፣ ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክ፣ ከወንጌላዊት ሉተራን አብያተ ክርስቲያናትና ከሱኒ እስልምና በስተቀር ሌሎች የእምነት ተቋማት እስኪመዘገቡ ድረስ እንዲዘጉ አዘዘች። ጴንጤዎቹ የምዝገባ ማመልከቻቸውን አስገብተው መልስ ሲጠብቁ ዓመታት ነጎዱ። ቃል የገባ መንግሥት ቃሉን ሲያጥፍ ሌሎቹ የቃል ኪዳኑ ወገኖች «ለምን?» ብለው መጠየቃቸው መብታቸው ነው።

ውጤት አላመጣም ለሚል ሰው ደግሞ ቬትናምን እጠቅስለታለሁ። ቬትናም ከኤርትራ ጋር በአንድ ቀን፣ በመስከረም 2004፣ መዝገቡ ላይ ሰፈረች። በግንቦት 2005 ከዋሽንግተን ጋር ስምምነት አድርጋ እስረኞችን መፍታት፣ የተዘጉ አብያተ ክርስቲያናትን መክፈትና እምነትን በኃይል ማስካድን መከልከል ጀመረች፤ በኅዳር 2006ም ከመዝገቡ ተሰረዘች። ይህን ሁሉ ያስገኘው ንግግር እንጂ ጥይት አይደለም።

አስመራዊ፦
ትውልዴ አስመራ፣ ዕድገቴ አዲስ አበባ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለእኔ የቤቴ ጉዳይ ነው። የሕግ ሰው የጠቀሱት የቬትናም ታሪክ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቬትናም በዚያን ጊዜ የዓለም ንግድ ድርጅት በር ላይ ቆማ ነበር፤ ከመዝገቡ በወጣች በሁለት ወር ውስጥ አባል ሆናለች። የምትፈልገው ነገር ስለነበራት ዋጋ ከፈለች። አስመራ ከዋሽንግተን የምትፈልገው ምን ነበር? በ2005 አሜሪካ በዚሁ ሕግ ሥር በዓይነቱ የመጀመሪያ የሆነውን ቅጣት በኤርትራ ላይ ጣለች፤ ቅጣቱም የመከላከያ ዕቃዎችን ንግድ መከልከል ነበር። የኤርትራ መንግሥት የአሜሪካ መሣሪያ ደንበኛ አልነበረምና የጎደለበት ነገር የለም። እንዲያውም በዚያው ዓመት የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ተራድኦ ድርጅትን ራሱ ከአገር አስወጣ። እርዳታን «አልፈልግም» ብሎ የሚመልስን መንግሥት በምን ታስፈራሩታላችሁ?

የመዝገቡን ዘመን ደግሞ በአንድ ሰው ዕድሜ እንየው። ሦስተኛው የኤርትራ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ አቡነ እንጦንዮስ መንግሥት በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ እጁን ማስገባቱንና የካህናትን መታሰር ስለተቃወሙ በጥር 2006 ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ2007 ሌላ ፓትርያርክ ተተካባቸው። እርሳቸው በቁም እስር እንዳሉ በየካቲት 2022 በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። በእነዚያ 16 ዓመታት ውስጥ የአሜሪካው የሃይማኖት ነፃነት ኮሚሽን ስማቸውን ደጋግሞ አንሥቷል። ሌላው ቢቀር ቤተ ክርስቲያናቸው እኮ ከአራቱ የተፈቀዱ አንዷ ነበረች። በ2019 በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይተዳደሩ የነበሩ ከ20 በላይ የጤና ተቋማትን መንግሥት ሲወስድም አገሪቱ መዝገቡ ላይ ነበረች።

ከጅዳ ተመላሽ፦
ወንድሞቼ፣ ስለ ኤርትራ ስትከራከሩ ሳዑዲ ዓረቢያ መረሳት የለባትም። እርሷም በዚያው በመስከረም 2004 መዝገቡ ላይ ሰፍራለች፤ ሆኖም ከ2006 ጀምሮ «ለአሜሪካ ብሔራዊ ጥቅም» እየተባለ ቅጣቱ እንዳይነካት ተደርጓል። ይህ ለእኛ ወረቀት ላይ ያለ ነገር ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2011 በጅዳ ከተማ በአንድ መኖሪያ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ተያዙ፤ 29ኙ ሴቶች ነበሩ። ለወራት ታስረው ከቆዩ በኋላ ወደ አገራቸው ተባረሩ። እኔ በዚያች ከተማ ስሠራ የምናውቀው ነገር ቢኖር የዓርብ ጸሎታችንን ድምፃችንን ቀንሰን ማድረስ እንዳለብን ነው፤ ዋሽንግተን ውስጥ መዝገብ መኖሩን እንኳ ከመካከላችን የሰማ ሰው አልነበረም።

በ2016 የሃይማኖት ፖሊሶቹ ሰው የማሰር ሥልጣናቸው ተነጠቀ፤ ይህንም ያደረገው የሳዑዲ መንግሥት ለራሱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ለሕግ ሰው ነው፤ ነዳጅ ያለውን የምትምር፣ ምንም የሌለውን የምትቀጣ ዲፕሎማሲ የሃይማኖት ነፃነት ዲፕሎማሲ ልትባል ትችላለችን?

የሕግ ሰው፦
እኅቴ፣ አድልዎው አለ፤ አልክድም። ነገር ግን ከአድልዎው የሚከተለው መደምደሚያ «ለሳዑዲም እንደ ኤርትራ ይጠየቅ» የሚል ነው እንጂ «ለኤርትራም ዝም ይባል» የሚል ሊሆን አይችልም። ሕጉ ራሱ ከጓዳ ተቃውሞ እስከ ኢኮኖሚያዊ ማዕቀብ የሚደርሱ 15 እርምጃዎችን ዘርዝሯል፤ ችግሩ ያለው ከዝርዝሩ መራጩ ላይ ነው።

ካርቱም የኖረ፦
የሱዳንን ነገር ማንም ስላላነሣው እኔ ላንሣው። ሜሪየም ኢብራሂም እናቷ ኢትዮጵያዊት ኦርቶዶክስ ክርስቲያን፣ አባቷ ሱዳናዊ ሙስሊም ናቸው። በልጅነቷ አባቷ ስለተለዩዋቸው በእናቷ እምነት አደገች፤ አግብታም ወለደች። የካርቱም ፍርድ ቤት ግን የአባቷን ሃይማኖት ይዛ የተወለደች ናት ብሎ በግንቦት 2014 እምነቷን በመካዷ የስቅላት፣ ክርስቲያን በማግባቷ ደግሞ የ100 ግርፋት ፍርድ ፈረደባት። ነፍሰ ጡር ስለነበረች ሴት ልጇን የወለደችው በእስር ቤት፣ እግሯ በሰንሰለት እንደታሰረ ነው። በሰኔ የይግባኝ ፍርድ ቤት ለቀቃት፤ በማግሥቱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እንደገና ተያዘች። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል በአሜሪካ ኤምባሲ ተጠልላ ቆየች፤ በሐምሌ ወር የጣሊያን ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በመንግሥታቸው አውሮፕላን ሮም አስገቧት፤ በዚያው ቀን ከካቶሊኩ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ከአቡነ ፍራንቸስኮስ ጋር ተገናኘች።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር አያለሁ። ሴትዮዋን ያዳነው ዲፕሎማሲ ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው ካለ ካርቱም ውስጥ አንድ ዳኛ ያለ ውጭ ጫና በአንድ ወር ውስጥ የሞት ፍርድ ሲሽር ያየበትን ሌላ አጋጣሚ ይንገረኝ። ያ የሞት ቅጣት ያለበት አንቀጽ ግን ለስድስት ዓመታት በቦታው ቆየ። የተሻረው በሐምሌ 2020 ነው፤ ያም የሆነው የሱዳን ሕዝብ በሚያዝያ 2019 አልበሽርን ከሥልጣን ካስወረደ በኋላ ነው። ሕጉን ያስወገደው ጎዳና ላይ የወጣው ወጣት ነው እንጂ አምባሳደር አይደለም።

የሕግ ሰው፦
ካርቱም የኖሩት ወንድማችን ታሪኩን ከመካከሉ አቋርጠውታል። ሱዳን ከ1999 ጀምሮ መዝገቡ ላይ ነበረች። የሽግግሩ መንግሥት ሥልጣን እንደያዘ ከሽብር ደጋፊዎች ዝርዝርም ሆነ ከሃይማኖቱ መዝገብ ለመውጣት ይማጸን ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሐምዶክ ዋሽንግተን በሄዱበት በታኅሣሥ 2019 ሱዳን ከመዝገቡ ወጥታ ወደ ልዩ ክትትል ዝርዝር ወረደች፤ የሕግ ማሻሻያው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወጣቱ በሩን ባይከፍት ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር፤ በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን በሩ በተከፈተ ጊዜ አዲሶቹ ገዥዎች የትኛውን ሕግ አስቀድመው መሻር እንዳለባቸው ያወቁት ለ20 ዓመታት ሳይሰለች ሲነገራቸው ስለነበረ ጭምር ነው። ኤርትራም አንድ ቀን በር ይከፈትባታል።

አስመራዊ፦
እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት ሰው ይሞታል? ደግሞም ሜሪየም ባለቤቷ አሜሪካዊ ዜግነት ነበረው። በቱርክ የታሰሩት ፓስተር አንድሩ ብራንሰን በ2018 ሲፈቱ ዋሽንግተን በሁለት የቱርክ ሚኒስትሮች ላይ ማዕቀብ ጥላ፣ በብረት ላይ ቀረጥ ጨምራ ነበር፤ እርሳቸውም አሜሪካዊ ናቸው። በኤርትራ ግን ሦስት የይሖዋ ምሥክሮች ብሔራዊ ውትድርናን በኅሊናቸው ስለተቃወሙ በመስከረም 1994 ታሰሩ፤ በወሩ ፕሬዚዳንቱ ባወጡት ትእዛዝ የዚህ እምነት ተከታዮች ዜግነታቸውን ተነጠቁ። ሦስቱ የተፈቱት በታኅሣሥ 2020 ነው። ክስ ሳይመሠረትባቸው 26 ዓመት! ሲለቀቁም ምክንያቱ ለማንም አልተገለጸም። የማን ዲፕሎማሲ አስፈታቸው ልንል ነው?

ከመርካቶ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በየስብሰባው «በኤርትራ የሚሳደዱ ክርስቲያኖች» ሲባል እሰማለሁ፤ ትክክል ነው፤ ሙሉው ሥዕል ግን አይደለም። በ2017 የአስመራው የዲያእ አል እስላም ትምህርት ቤት የሃይማኖት ትምህርቱንና አስተዳደሩን በሚመለከት የመጣበትን የመንግሥት ትእዛዝ አልቀበልም ሲል፣ የቦርዱ ሰብሳቢ የነበሩት የ90 ዓመቱ አዛውንት ሐጂ ሙሳ መሐመድ ኑር ታሰሩ፤ በጥቅምት መጨረሻ በአስመራ ሰልፍ ወጣ፤ ሐጂ ሙሳም በመጋቢት 2018 በእስር እንዳሉ ዐረፉ። ከተፈቀደው እምነት ወገን ነበሩ። የሃይማኖት ነፃነት ዲፕሎማሲ የአንድ ሃይማኖት ጠበቃ መስሎ ከታየ ለአስመራ መንግሥት ትልቅ ስጦታ ነው፤ ጴንጤውን «የውጭ ተላላኪ» ለማለት የሚፈልገው ማስረጃ ያ ብቻ ነውና።

የሕግ ሰው፦
ወንድሜ ልክ ነዎት። አገርን በጅምላ ከመቅጣት ይልቅ ባለሥልጣንን በስሙ መቅጣት ይሻላል የምለውም ለዚህ ነው። የ1998ቱ ሕግ በሃይማኖት ነፃነት ላይ ከባድ ጥሰት የፈጸመ የውጭ ባለሥልጣን ቪዛ እንዲከለከል ይፈቅዳል፤ የኤርትራ ባለሥልጣናት ደግሞ ዘመዶቻቸውና ልጆቻቸው ያሉት ውጭ አገር ነው።

ከጅዳ ተመላሽ፦
ያ አንቀጽ በ2005 የጉጃራት ዋና ሚኒስትር በነበሩት ናሬንድራ ሞዲ ላይ ሥራ ላይ ውሎ ቪዛ ተከለከሉ። በ2014 የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ግን ክልከላው እንዳልነበረ ሆነ፤ በ2016 በአሜሪካ ምክር ቤት ተገኝተው ንግግር አደረጉ። እንግዲህ ቅጣቱ የሚጸናው ሰውየው ትንሽ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው ማለት ነው።

የሕግ ሰው፦
የኤርትራ ባለሥልጣናት የሕንድን ገበያ ይዘው አይመጡም። ለእነርሱ ይጸናል።

አስመራዊ፦
እንግዲያው ተግባራዊ ነገር እንነጋገር። ማዕቀብ ይጨመር የሚል አቤቱታ አልፈርምም፤ ኤርትራ ከ2009 እስከ 2018 የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብም ነበረባት፤ የታሳሪውን በር አላስከፈተም፤ ሲነሣም ስለ ታሳሪዎች አንዲት ቅድመ ሁኔታ አልተቀመጠበትም። ወደ አስመራ የሚሄድ ማንኛውም ልዑክ፣ አሜሪካዊም ሆነ አውሮፓዊ ወይም የአፍሪካ ኅብረት ሰው፣ የታሰሩትን ካህናት፣ ሼኮችና ፓስተሮች በየስማቸው እየጠራ «በሕይወት አሉ ወይ? የትስ ናቸው?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚል አቤቱታ ካዘጋጃችሁ ግን ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዱ እኔ እሆናለሁ። ከመርካቶ የጻፉት ወንድማችን የሙስሊም ታሳሪዎቹን ስም ቢያሰባስቡልን፣ እኔ ከሌላው ወገን ያለኝን ይዤ እቀርባለሁ።

ከመርካቶ፦
አሰባስባለሁ። ቤተሰቦቻቸው ፈቃደኛ ያልሆኑትን ግን አናስገባም።