አስቸኳይ፦ ከላፕቶፕ ባትሪ የሠራሁት መብራት ደበዘዘ፣ ለማታ ዳስ ይፈለጋል

የሐይቅ ዳር ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ዳስ ውስጥ የሚሰቀል ነው። ከድሮ ላፕቶፕ ባትሪ አንድ ፍሬ አውጥቼ 8 ነጭ ኤልኢዲ ጎን ለጎን አያያዝኩበት። መጀመሪያ ዓይን ያስጨፍን ነበር፤ ከዚያ ሁለቱ ወደ ሰማያዊ ሄደው ጠፉ፣ ስድስቱ ደበዘዙ። ባትሪው ደክሟል መሰለኝ። ሌላ ፍሬ በተከታታይ ልጨምርበት?

ቴስተር ያዥ፦
ኧረ እንዳትጨምር! ሁለት ሙሉ ፍሬ በተከታታይ 8.4 ቮልት ነው፤ ስድስቱም ወዲያው ይከተላሉ። ከረንቱን የሚገድበው ሬዚስተር ስንት ኦም ነው ያስገባኸው?

ቶሳ ሥር፦
ያንተ ባትሪ አቦልና ቶናን አልፎ በረካ ላይ ደርሷል።

ጠያቂ፦
ሬዚስተር የለውም። ባትሪው 3.7፣ ኤልኢዲውም 3 ምናምን ነው፤ ይቀራረባሉ ብዬ ነው።

መምህር ዘወልድያ፦
ልጄ፣ አይቀራረቡም። 3.7 የሚባለው አማካዩ ነው፤ ፍሬው ሲሞላ 4.2 ነው። ነጭ ኤልኢዲ ደግሞ 20 ሚሊአምፒር ላይ 3.1 ቮልት ገደማ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ጥቂት ቮልት ስትጨምርለት ከረንቱ ይዘላል እንጂ በልክ አያድግም። ሲሞቅ የሚፈልገው ቮልት ይቀንሳል፣ ስለዚህ የበለጠ ይስባል፣ የበለጠ ይሞቃል። ሰማያዊ የሆነውም በዚሁ ነው፤ ነጭ ኤልኢዲ ውስጡ ሰማያዊ ነው፣ ነጭ የሚያስመስለው ላዩ ላይ የተቀባው ቢጫ ነገር ነው። እሱ ሲጠበስ ሰማያዊው ይወጣል። ባትሪውን አትክሰሰው።
ስሌቱ፦ 4.2 ሲቀነስ 3.1፣ 1.1 ቮልት ይተርፋል። ለ0.02 አምፒር ስታካፍለው 55 ኦም። ገበያ ላይ ያለው 56 ነው፤ ቀለሙ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር። ለእያንዳንዱ ኤልኢዲ ለየብቻ።

ኮምቦልቻ ጥገና፦
ሬዚስተር አስገባ ወንድሜ። ለየብቻ 56።

ቶሳ ሥር፦
አሁን እሱን እኮ አሉት። ግን ስምንት ሬዚስተር መበየድ ምን ያደርጋል? 1.1 ቮልቱን ለስምንቱ ድምር 0.16 አምፒር ስታካፍለው 7 ገደማ ነው፤ አንድ 7 ኦም ለሁሉም ይበቃል።

ቴስተር ያዥ፦
ስሌቱ ልክ ነው፣ ሥራው ግን አይደለም። ከአንድ ካርቶን የወጡ ኤልኢዲዎች እንኳ እኩል ቮልት አይፈልጉም፤ ዝቅ ያለው የሌሎቹን ድርሻ ይወስዳል። እሱ ሲቃጠል ደግሞ ድርሻው ለቀሩት ይከፋፈላል። የዚህ ልጅ መብራት የሞተው እንደዚያ ነው።

ቦሩ ሜዳ፦
አብሽር፣ ለ56 ኦም ብለህ ደሴ ድረስ አትሂድ። ከሞተ ሬዲዮ ቦርድ ንቀል፤ ከ47 እስከ 100 ያለው ሁሉ ያገለግላል። 100 (ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ) ባትሪው ሲሞላ 11 ሚሊአምፒር ገደማ ይሰጥሃል፣ ለዳስ ይበቃል። የተረፉትን ስድስቱንም ቀይራቸው፤ አንዴ የተጠበሰ ኤልኢዲ ብርሃኑ አይመለስም። ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው፤ እግሩ ከተቆረጠ ጠርዙ ጠፍጣፋ የሆነው ጎን ኔጌቲቭ ነው።

ጠያቂ፦
100 ኦም አገኘሁ፣ በራ! ጋሼም አመሰግናለሁ። ከዚያ ትንሿን ሰማያዊ የቻርጅ ካርድ (ቲፒ 4056) አገናኘሁና ጭራሽ እምቢ አለ። አውት የሚለው ላይ ዜሮ ነው።

ቴስተር ያዥ፦
ባትሪው ቢ ፕላስና ቢ ማይነስ ላይ፣ መብራቱ አውት ላይ ከሆነ አልተበላሸም። መከላከያ (ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይወርድ የሚዘጋ) ያላት ካርድ ባትሪ አዲስ ሲታሰርላት ብዙ ጊዜ ዘግታ ነው የምትጀምር። ዩኤስቢውን ሁለት ሰከንድ ሰካና ንቀል፣ ትከፍታለች። መብራት የለም ብለሃልና ፓወር ባንክም ይሆናል።

ኮምቦልቻ ጥገና፦
ቻርጀር ሰካባት።

መምህር ዘወልድያ፦
እግረ መንገድ፦ ፍሬው ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ ከሆነ አትሙላው፤ ውስጡ ያለው መዳብ ሟሙቶ ሲመለስ ሾርት ያደርጋል። 3.2 ቮልት የተጻፈበት ከሆነ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሊትየም ነው፤ 3.65 ላይ መቆም ሲገባው ይቺ ካርድ እስከ 4.2 ትገፋዋለች። ፍሬው ላይ በቀጥታ አትበይድ፣ ሙቀቱ የውስጡን ስስ መለያያ ያበላሻል። ላፕቶፑ ውስጥ ሳለ የነበረውን የብረት ጥብጣብ ትንሽ አስቀርተህ እሱ ላይ በይድ።

ቦሩ ሜዳ፦
ካርዷ ለፍሬው 1 አምፒር ትሰጣለች፣ ላረጀ ፍሬ ብዙ ነው። 1.2 ኪሎኦም የሆነችውን ትንሽ ሬዚስተር በ2 ኪሎ ብትተካ ወደ 580 ሚሊአምፒር ትወርዳለች። ለዛሬ ተወው።

ቶሳ ሥር፦
እስኪነጋ ይጨፈርበታል ወይስ መሐል ላይ ይከዳል?

ቴስተር ያዥ፦
በ100 ኦም ስምንቱ በአማካይ ከ60 ሚሊአምፒር አይበልጡም። ያረጀው ፍሬ 1500 ሚሊአምፒር ሰዓት ቢይዝ ከ20 ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ ቀድመህ ከሞላኸው ማለት ነው።
ጠያቂ፣ ፓወር ባንኩን ሰካህ? ካርዷስ ስንት የመበየጃ ቀዳዳ አላት፣ 4 ወይስ 6? 4 ከሆነ መከላከያ የላትም፣ ነገሩ ሌላ ነው።