ዛንዚባር በመምህርና በነርስ ደመወዝ ይቻላል?

የጠባሴው መምህር (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ነኝ። እኔ መምህር፣ ባለቤቴ ነርስ ነች። ሁለታችንም ባህር አይተን አናውቅም። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ለሳምንት ያህል የታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር ደርሰን ለመመለስ እየቆጠብን ነው። የአውሮፕላን ቲኬቱን ገንዘብ ለብቻ ይዘነዋል፣ ገና አልቆረጥንም። የጨነቀን ሌላው ወጪ ነው። የት ብናድር፣ በምን ብንጓዝ ይቀለናል? ደግሞስ ክረምት እዚያም ዝናብ ነው እንዴ? ከዝናብ ሸሽተን ዝናብ እንዳንገባ።

ሞላሌ
ወንድሜ፣ በዝናቡ አትስጋ። የዛንዚባር ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። እኛ ጋ ሐምሌ ጭጋጉ ሲወርድ እዚያ ደረቅ ነው፤ ሙቀቱም ከሌላው ጊዜ ቀለል ይላል። ችግሩ፣ ይህን ፈረንጆቹም ያውቃሉ። ሐምሌና ነሐሴ ማረፊያ ይወደዳል። ትምህርት እንደተዘጋ ሰኔ መጨረሻ ላይ ብትሄዱ ይሻላችኋል።

ለሥራ ዳሬሰላም ስመላለስ በጀልባ እየተሻገርኩ ደሴቷን አውቃታለሁ። መጀመሪያ ስቶን ታውን እደሩ። አሮጌው ከተማ ነው፤ በ2000 ዓ.ም. በፈረንጆቹ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ጠባብ መንገዱን በእግር መዞር ራሱ ሙሉ ቀን ይበላል፣ በነፃ። ማታ ፎሮዳኒ የሚባለው የባህር ዳር መናፈሻ ምግብ ይሸጣል። እዚያ ዋጋ ሳትጠይቁ ሳህን እንዳትቀበሉ! ከዚያ ወደ ባህር ዳርቻ ውጡ። ታክሲ ይቅርባችሁ። ዳላዳላ አለ፤ የኛን ሚኒባስ ታክሲ አስቡት። 116 ቁጥር ሰሜን ጫፍ ኑንግዊ ድረስ ይወስዳችኋል። ይጨናነቃል፣ ይቆማል፣ ግን ዋጋው ከታክሲው ጋር አይወዳደርም።

ማረፊያ ስትይዙ አንድ ነገር እዩ። በምሥራቁ በኩል፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ባህሩ በቀን 2 ጊዜ ወደ ኋላ ይሸሻል። ብዙ ይርቃል። ለመዋኘት የሄደ ሰው አሸዋ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ኑንግዊና ኬንድዋ ላይ ሽሽቱ ያን ያህል አይደለም። ምሥራቁ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

እህት ከዓለም ከተማ
ከማረፊያው በፊት የወረቀቱን ወጪ አስሉት እንጂ! የታንዛኒያ ቪዛ በኢንተርኔት ይጠየቃል፣ ለአንድ ሰው 50 ዶላር። ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ቲኬት አትቁረጡ። ከጥቅምት 2024 በፈረንጆቹ ጀምሮ ደግሞ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ሰው የደሴቷን ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታው ነው፤ 44 ዶላር። ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም አይተካውም። ለሁለት ሰው 188 ዶላር ባህሩን ሳታዩ ወጣ ማለት ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያዙ። ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተከተቡ፤ አንዴ ከተከተባችሁ ለዕድሜ ልክ ነው። ይሄን ባለቤትህ ከኔ በላይ ታውቀዋለች።

ከሸዋሮቢት
ሙቀት ከሆነ የፈለጋችሁት ወደኛ ውረዱ። ማንጎውም አለ፣ የቀረን ባህሩ ብቻ ነው 😄

አንኮበሬው
እህታችን ያለችው ልክ ነው። ለዚህ ነው ሞምባሳን አስቡ የምለው። እሷም ደሴት ነች። ለኬንያ ቪዛ አንጠየቅም፤ 188ቱ ዶላር ኪሳችሁ ይቀራል። ናይሮቢ ድረስ በርራችሁ ከዚያ በባቡር ውረዱ፤ የዝቅተኛው ክፍል 1,500 ሽልንግ ነው። ፖርቹጋሎች በ1590ዎቹ የሠሩት ፎርት ጂሰስ ምሽግ አለ። በሊኮኒ ጀልባ በእግር ለሚሻገር ክፍያ የለም። ማዶ ሆናችሁ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ይዛችሁ ዲያኒ ዳርቻ ትገባላችሁ፤ አሸዋው ዱቄት ነው።

ሞላሌ
አንኮበሬው፣ ዲያኒ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን የናይሮቢ አዳርና የባቡር ደርሶ መልስ አንድ ሳምንት ካላቸው ሰዎች 2 ቀን ይቀማል። ጊዜ ለሌለው ሰው ዛንዚባር፣ ብር ላጠረው ሞምባሳ።

የጠባሴው መምህር (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ። 188ቱን ዶላር ሳይ ደነገጥኩ፣ ባለቤቴ ግን ዛንዚባር ካልሆነ ብላለች። እንግዲህ አንድ ወር ጨምረን እንቆጥባለን። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ሰኔ መጨረሻ የሐዋርያት ጾም ነው፣ ምን እንበላለን? ዋናም አንችልም።

እህት ከዓለም ከተማ
ለጾም አትቸገሩም። ባቄላ መሰሉን ጥራጥሬ በኮኮናት ወተት ይሠሩታል፣ ማሃራጌ ይሉታል። ከቻፓቲ ወይም ከሩዝ ጋር ትበላላችሁ፣ ርካሽም ነው። ቻፓቲውን በዘይት ይሁን በቅቤ ጠይቁ። የዓሣውን ነገር ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ፣ እኔ አልገባበትም። ሕዝቡ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ከተማ ውስጥ ትከሻና ጉልበት ሸፈን ማድረግ ያስከብራል። ባለቤትህ ነጠላ ብትይዝ ለባህሩም ለከተማውም ይሆናታል። ቆሎና በሶ ያዙ፣ ግን በፌስታል አይሁን። ታንዛኒያ ፌስታል ከልክላለች፣ አየር ማረፊያ ላይ ያስጥሏችኋል።

ሞላሌ
ዋና ለማትችሉት፣ ውሃው ወገብ ሳያልፍ መቆም ነው። ሰው የሌለበት ቦታ አትግቡ። ኮንጎ ጫማ ከደብረ ብርሃን ገዝታችሁ ሂዱ። ድንጋዩ መሐል ጃርት የመሰለ እሾሃም እንስሳ አለ፤ በባዶ እግር የረገጠው ሰው ሽርሽሩ አልጋ ላይ ያልቃል። ብር ደግሞ እዚያ አይመነዘርም። ቪዛና ቲኬቱን ይዛችሁ ዶላሩን ከባንክ ውሰዱ።