የሆስፒታል ማኔጅመንት ኢንተርንሺፕ ልገባ ነው፤ ከወዲሁ ምን ልያዝ?

የጅማዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የጤና አገልግሎት አስተዳደር ተማሪ ነኝ፣ የመጨረሻ ዓመት። ግንቦት መጨረሻ ላይ ለኢንተርንሺፕ ወደ አንድ አጠቃላይ ሆስፒታል እንመደባለን። የመውጫ ፈተናውም ከፊት እያፈጠጠ ነው፣ ስለዚህ ጭንቅላቴ ለሁለት ተከፍሏል።

ክላስ ውስጥ የተማርነው ብዙ ነው። ስትራቴጂክ ፕላን፣ ቢኤስሲ (የሥራ አፈጻጸም መለኪያው)፣ የጤና ኢኮኖሚክስ፣ ምኑ ቅጡ። ከኛ በፊት የወጡት ልጆች የሚያወሩት ግን ሌላ ነው። አንዱ ደብዳቤ ሲመዘግብ ከረመ። አንዷን የሰው ሀብት ቢሮ ጥግ ላይ ወንበር ሰጥተዋት የሰው ሪፖርት ስትተይብ ጨረሰች። ሌላው ልጅ ደግሞ «ሐኪም አይደለህ፣ ነርስ አይደለህ፣ ታዲያ ምንድን ነህ?» አሉኝ ብሎ እየሳቀ ነገረን። እኔን አላሳቀኝም፣ ምክንያቱም ነገ ቢጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም።

ኤክሴል መካከለኛ ነኝ። ዲኤችአይኤስ 2ን፣ ማለት የጤና ሪፖርት የሚላክበትን ሶፍትዌር፣ ያየሁት በስላይድ ብቻ ነው። የትኛው ክፍል መድቡኝ ልበል? ምን ላንብብ? ሥራው ላይ ያላችሁ እባካችሁ ሳትሰስቱ ንገሩኝ።

ካርድ ክፍል አካባቢ

እንኳን ለዚህ አደረሰሽ። ሆስፒታል ውስጥ ጥራት ክፍል ነው የምሠራው፣ በየዓመቱ ተማሪ ይመጣልናል።

የትኛው ክፍል እያልሽ አትጨነቂ። የትም መደቡሽ የት፣ መጀመሪያ በሽተኛ ተከተይ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ሁኚ። አንዲት ተመላላሽ ታካሚ አስፈቅደሽ አብረሻት ሂጂ። ካርድ ክፍል፣ ትሪያጅ (እንደ ሕመሙ ክብደት የሚለዩበት)፣ ክፍያ፣ ኦፒዲ (የተመላላሽ ሐኪም ክፍል)፣ እንደገና ክፍያ፣ ላብራቶሪ፣ ውጤት መጠበቅ፣ ተመልሶ ኦፒዲ፣ ደግሞ ክፍያ፣ ፋርማሲ። በየበሩ የደረሰችበትንና የወጣችበትን ሰዓት ጻፊ፣ ሌላ ምንም አትጻፊ። ማታ ስትደምሪው ከሐኪም ጋር የቆየችበት ጊዜና ወንበር ላይ የቆየችበት ጊዜ ምን ያህል እንደሚራራቁ ታያለሽ። ጥቂት ሰው እንዲህ ከተከተልሽ በኋላ ማንም አለቃ ስለ ሆስፒታሉ ሲያወራ ዝም ብለሽ የምታዳምጪ አትሆኚም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ጠዋት ሰልፉን ያየ ሁሉ ካርድ ክፍሉን ነው የሚረግመው። እስኪ የቀጠሮ ወረቀቱን ተቀበያቸውና እዪ። ብዙ ቦታ ቀን ተጽፏል፣ ሰዓት የለውም። ስለዚህ የዕለቱ ቀጠሮ ያለው ሰው በሙሉ ወፍ ሲንጫጫ ይመጣል። ሐኪሞቹ ደግሞ መጀመሪያ ሞርኒንግ (የጠዋት ስብሰባ) አላቸው፣ ከዚያ ራውንድ (የተኙትን ዞሮ ማየት)፣ ኦፒዲ በደንብ የሚሞቀው ወደ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ካርድ ክፍሉ በደቂቃ ውስጥ ካርድ ቢያወጣ እንኳ ሰልፉ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ይዛወራል እንጂ አያጥርም። ይህን በሰዓት አስደግፎ የሚያሳይ ተማሪ ቢመጣ እኔ በግሌ ቡና እጋብዘዋለሁ።

ካርድ ክፍል ግን ግቢ፣ አትናቂው። የጠፋ የሚባለው ካርድ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም። 045218 የነበረው 042518 መደርደሪያ ላይ ተሸጉጧል። ካርድ ሲወጣ በቦታው መቀመጥ ያለበት ትሬሰር ካርድ ስለሌለ ማን እንደወሰደውም አይታወቅም። ፈላጊው ሲሰለቸው አዲስ ካርድ ያወጣል። አሁን እናትየዋ ሁለት ካርድ አላት፤ የስኳሯ መድኃኒት በአንዱ፣ የግፊቷ በሌላኛው። ሐኪሙ የሚያየው አንዱን ብቻ ነው። «አስተዳደር ከሕክምና ጋር ምን አገናኘው?» የሚልሽ ሰው ካለ ይህንን ንገሪው።

ዲኤችአይኤስ 2ን ለመልመድ ሶፍትዌሩ አያስቸግርሽም፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቁ ነው የሚያስቸግረው። የእኛ ሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 ነው፣ ከ1 እስከ 30 አይደለም፣ ይህንን ሳያውቁ መዝገብና ሪፖርት «አይገጥምም» ብለው የሚደነግጡ ተማሪዎች አይቻለሁ። ከዚያ ኤልኳስ የሚባለውን የጥራት ማረጋገጫ አሠሩኝ በያቸው። 12 የመረጃ ዓይነት መርጠሽ መዝገቡ ላይ ቆጥረሽ ከተላከው ሪፖርት ጋር ታስተያያለሽ። አሰልቺ ነው። ግን ከምትሠሪው ሁሉ ይበልጥ ቶሎ የሚያስተምርሽ እሱ ነው።

ስሌቶቹን ደግሞ በእጅሽ ሥሪ። 100 አልጋ በ30 ቀን 3,000 የአልጋ ቀን ነው። ታካሚዎች በድምሩ 2,400 ቀን ከተኙ የአልጋ አጠቃቀሙ 80 በመቶ። በዚያ ወር የወጡት 400 ከሆኑ አማካይ ቆይታቸው 6 ቀን። «የወጡት» ሲባል ድነው የሄዱትም፣ ሪፈር የተባሉትም፣ ያረፉትም ገብተው ነው። ከ100 በመቶ በላይ ካገኘሽ ቶሎ ስህተት ነው አትበይ፣ ሂጂና ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ ተነጥፎ እንደሆነ እዪ።

ማትሮን ነበርኩ

ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነርስ ነኝ። ከላይ ያለው ወንድማችን የጻፈው ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ረስቷል። በሽተኛ መከተል ተመላላሽ ላይ ነው። ድንገተኛ ክፍል እና ማዋለጃ ሰዓት ይዘሽ እንዳትቆሚ፣ እኔ ብሆን ራሴ ነው የማስወጣሽ።

«ምንድን ነህ?» ያሉት ነርሶች ክፉ ሆነው አይመስለኝም። ዋርድ ውስጥ ነጭ ጋወን ለብሶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ሲመጣ የሚታሰበው ሊቆጣጠረን ተልኮ ነው። ተረኛ ስትቀያየር አትግቢ። ያኔ ነርሷ በሽተኛ እያስረከበች ነው፣ ሌሊቱን ስትቆም አድራ አንቺ ስለ ቢኤስሲ ብትጠይቂያት መልሱን አትወጂውም። ከተቀያየሩ በኋላ፣ መድኃኒት ተሰጥቶ ሲያልቅ፣ ሻይ ሰዓት ላይ ሂጂ። ስምሽን ንገሪ፣ ከየት እንደመጣሽ ንገሪ፣ ከዚያ «ሲስተር፣ እዚህ ክፍል ሥራ የሚያጓትትባችሁ ምንድን ነው?» በይና ዝም በይ።

ጓንት ነው የሚሉሽ። ወይም ግሉኮስ፣ ወይም አንሶላ። እሺ ብለሽ አትለፊው፣ ጓንቱን እስከ ምንጩ ተከተይው። ዋርዱ መቼ ጠየቀ፣ ስቶር በሞዴል 22 መቼ አወጣ፣ ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት) ላይ ስንት ቀርቶ ነበር፣ በሞዴል 19 መቼ ገባ። ሆስፒታል በየሁለት ወሩ አርአርኤፍ (የመድኃኒት ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ) ሞልቶ ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይልካል፤ በእጁ ከ2 ወር በታች እንዳይወርድበት፣ ከ4 ወር በላይ እንዳይከማችበት ነው ሥርዓቱ የሚለው። ቢን ካርዱ ሳይሞላ ሲቀር ፍጆታው በግምት ይጻፋል፣ በግምት የተጻፈው በግምት ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ አዋላጇ የራሷን ጓንት ከደጅ ገዝታ ትገባለች ወይ የወላዷን ባል ትልካለች። በኔ ጊዜ ይህን ያጠናልን አንድም ተማሪ አልነበረም፣ ሁሉም «የሠራተኛ እርካታ» መጠይቅ ይዞ ነው የሚመጣው። መጠይቅ መሙላት ሰልችቶን ነበር እውነቱን ለመናገር።

እንግዲህ ምንድን ነሽ ሲሉሽ «ጓንቱ ለምን እንደሚያልቅ የማጣራ ነኝ» በይ። ወንበር ይስቡልሻል።

ሰኔን ያየ

እኔ ባለፈው ዓመት ነው የጨረስኩት፣ ስለዚህ ምክሬ የመሬት ነው።

ግንቦት መጨረሻ ከገባሽ ሰኔ ላይ ልትወድቂ ነው ማለት ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ፋይናንስና ግዥ በዚያ ወር ሰው አያናግሩም፣ ፕሮፎርማ ይዞ የሚሮጥ ሰው ብቻ ነው የምታዪው፣ ጥያቄ ካለሽ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ጨርሺው ወይ ሐምሌ ጠብቂ። ወይም ብልጥ ከሆንሽ «ላግዛችሁ» ብለሽ ግቢ። ሰነድ ማያያዝ ነው የሚሰጡሽ፣ ግን ሰነዱን እያያያዝሽ ማንበብ ማን ከለከለሽ። እኔ የሆስፒታል ገንዘብ ከመንግሥት በጀት ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። የውስጥ ገቢ የሚባለውን፣ ማለት ከታካሚ የተሰበሰበውን ሆስፒታሉ ራሱ እንደሚጠቀምበት፣ ወሊድ፣ ክትባት፣ ቲቢ በነጻ ሲሰጡ ወጪው የት እንደሚያርፍ፣ የጤና መድህኑ ክፍያ ሲዘገይ ፋርማሲው እንዴት እንደሚደርቅ የገባኝ ከዚያ ክምር ወረቀት ነው። ማህበረሰብ አቀፍ መድህኑ በ2003 በ13 ወረዳ ተሞክሮ እንደተጀመረ ለፈተና ሸምድደነው ነበር አይደል? ካርድ ላይ ፊርማ ስለጎደለ ክፍያ ተመላሽ ሲሆን ማየት ግን ሌላ ትምህርት ነው።

ሌላው፣ የትብብር ደብዳቤሽን ኮፒ አድርገሽ ያዢ፣ ዘበኛውም ይጠይቅሻል። ባጅ ቶሎ ይሥሩልሽ። ደብዳቤ መዝግቢ ካሉሽ መዝግቢ፣ መዝገብ ቤት የቆየ ሰው ማን ለማን ምን እንደሚጽፍ ያውቃል። ከሁለት ሳምንት በላይ ከሆነ ግን ሱፐርቫይዘርሽን አናግሪ፣ በፈገግታ። ለንባብ፣ በ2002 የወጣውን የሆስፒታል ሪፎርም መመሪያና በኋላ የተካውን የትራንስፎርሜሽን መመሪያ ውሰጂ። ሁሉንም አታነቢውም፣ አልዋሽሽም፤ ስለ ታካሚ ፍሰትና ስለ ሕክምና መዝገብ አያያዝ ያሉትን ምዕራፎች ብቻ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሜሪላንድ ነኝ፣ ሆስፒታል ውስጥ የቀጠሮና የታካሚ ምዝገባ ክፍል እሠራለሁ። አገር ቤት ስላለው አሠራር እናንተ ትበልጡኛላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር።

ስልክሽን ተጠንቀቂ። እዚህ ሂፓ የሚባለው የታካሚ መረጃ ጥበቃ ሕግ በፈረንጆቹ ከ1996 ጀምሮ አለ፣ ተማሪም ቢሆን የማያገባውን የታካሚ ፋይል ከፍቶ ካየ ሲስተሙ ይመዘግበዋል፣ በዚያው ቀን ሊሰናበት ይችላል። ኢትዮጵያም አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አላት፣ ቁጥር 1321/2016። የጤና መረጃ ጥብቅ ከሚባሉት ውስጥ ነው። ቲክቶክ ላይ «የኢንተርንሺፕ ውሎዬ» ብለው ከጀርባቸው የተደረደረ ካርድ፣ የታካሚ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የሚያሳዩ ልጆች አያለሁ፣ ያስደነግጠኛል። ሰዓት ስትመዘግቢ ስምም የካርድ ቁጥርም አትጻፊ፣ «ታካሚ 1፣ ታካሚ 2» ይበቃል። ሲቪ ላይ ደግሞ «በሆስፒታል ተለማምጃለሁ» አትበይ። ምን ለካሽ፣ ምን አሳየሽ፣ ማን ተጠቀመበት፣ እሱን ጻፊ።

የጅማዋ

ሲስተር፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ የጓንቱን ነገር ይዣለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። የካርድ ክፍሉ ወይም የስቶሩ ሰው መረጃ አልሰጥም ቢለኝስ? ወይ ደግሞ የለካሁት ነገር አለቃውን የሚያስከፋ ቢሆን?

ካርድ ክፍል አካባቢ

አልሰጥም የሚልሽ ብዙ ጊዜ የሚፈራ ሰው ነው። ቢን ካርዱ እንዳልተሞላ ያውቃል። ስለዚህ ቁጥር ከመጠየቅሽ በፊት አብረሽው ቆጠራ ሥሪ። ስቶር ውስጥ ካርቶን አንስተሽ ስትቆጥሪ የዋልሽ ልጅ ከሆንሽ ማታ ላይ ራሱ ቢን ካርዱን ያቀብልሻል።

ለአለቃው ደግሞ ሪፖርቱን መጀመሪያ በስብሰባ ላይ አታቅርቢው። ከስብሰባው በፊት ካርድ ክፍል ኃላፊው ራሱ ይየው፣ ይቃወም፣ የተሳሳትሽው ካለ ያርምሽ፣ እሱ የሚለው ምክንያትም ሪፖርቱ ውስጥ ይግባ። የኛ ሥራ አስኪያጅ አንድ ጊዜ ተማሪ ያልተጠበቀ ግራፍ ፊቱ ላይ ሲያበራበት ፕሮጀክተሩን አጥፉት ብሎ ወጥቷል። ግራፉ ትክክል ነበር። ልጁ ግን አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢሮው ገብቶ ቢያሳየው ኖሮ ሰውየው ራሱ ያቀርበው ነበር።

ማትሮን ነበርኩ

ምሳ ደግሞ ከሠራተኛው ጋር ብዪ። ካፌው ውስጥ ለብቻሽ ከተማሪዎች ጋር ጠረጴዛ ይዘሽ እንዳትቀመጪ፣ ወሬው ያለው ጽዳቶቹና ላያዘኖቹ (አልጋና ሪፈር የሚያስተባብሩት) ጋ ነው። የትኛው አልጋ ባዶ ሆኖ «ሞልቷል» እንደሚባል እነሱ ናቸው የሚያውቁት።