ጊታሬ ከኪቦርዱ ጋር አልገጥም አለ! ነገ ጠዋት ነው የምንጫወተው

ጀማሪው፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከጓደኛዬ ጋር እየተለማመድን ነው፤ እሱ ኪቦርድ፣ እኔ ክላሲካል ጊታር። የኖታ ወረቀቱ አንድ ነው። ግን የእሱ ቀጭን ድምፅ ያወጣል፣ የእኔ ወፍራም። አንደኛዋን ክር እያጠበቅኳት ነው፣ አልደርስ አለች። ልቀጥል? ነገ 3 ሰዓት አስተማሪያችን ፊት ነን።

ታንኳ ቀዛፊ፦ ቱነር (ክር መቃኛ አፕ) አውርድ። ስልክ ላይ በነፃ አለ።

ክራር በልጅነቴ፦ የዛሬ ልጆች ችግራችሁ ከወረቀት መጀመራችሁ ነው። መጀመሪያ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በጆሮ ለዩ። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ካልክ ሜጀር ትዝታን ያዝክ ማለት ነው። እኛ ክራር ስንቃኝ ኖታ ማን ያውቅ ነበር?

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ግን ነገ እኮ ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦ ማጥበቁን አቁም! ጊታርህ ምንም አልሆነም። የጊታር ኖታ ከሚሰማው አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ከፍ ተደርጎ ነው የሚጻፈው። ከኖታው አምስት መስመሮች መሃል ላይኛው ክፍተት ላይ ያለችው ኢ (ሚ) ለአንተ ባዶ፣ ማለትም ያልተጫነች አንደኛ ክር ናት፣ 330 ኸርዝ (በሴኮንድ ንዝረት) ገደማ። ኪቦርዱ ላይ ግን 659 ናት፣ እጥፍ። ጓደኛህ እጁን አንድ ኦክታቭ ወደ ግራ ያውርድ፣ አለቀ።

ዘጌ ቡና፦ እኔ አልስማማም። ኪቦርዱ ትራንስፖዝ ተደርጎ (ድምፁ በቁልፍ ከፍ ወይም ዝቅ ተደርጎ) ቢሆንስ? «ወፍራም» ስትልስ ምን ያህል ነው? ወረቀቱን ፎቶ አንስተህ ለጥፍ።

ታንኳ ቀዛፊ፦ ቱነር ግን ይረዳል።

ጀማሪው፦ ተበጠሰች! ጷ ብላ እጄን ገረፈችኝ። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ጓደኛዬ የብረት ክር አለኝ ይላል።

ታንኳ ቀዛፊ፦ ከታንኳዬ ደንገል ፈትቼ ልስጥህ?

የሽምብጥ ልጅ፦ ብረቱን እንዳታስገባ! ክላሲካል ጊታር ለናይለን ነው የተሠራው፤ ብረት ብሪጁን (ክሮቹ የታሰሩበትን እንጨት) ሊነቅልብህ ይችላል። በሁለተኛው ክር ተጫወት። 5ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው ክፍል) ኢ፣ 6ኛው ኤፍ፣ 8ኛው ጂ ነው። መስመሩ መጀመሪያ ላይ አንድ ሻርፕ (ኤፍን ግማሽ ድምፅ ከፍ የሚያደርግ # ምልክት) ካለ 6ኛውን ተውና 7ኛውን ያዝ። ከዚያ ባለፈ ትርፍ ናይለን ቤት አለኝ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ና ውሰድ። አዲስ ክር ቶሎ ቶሎ ይላላል፣ እስክትገቡ ድረስ እየደጋገምክ ቃኘው።

ክራር በልጅነቴ፦ እኛ አንዱ ሲበጠስ በአምስቱ ነበር የምንጨርሰው።

ዘጌ ቡና፦ ሻርፕ አለ ወይስ የለም? ፎቶውን እኮ አልለጠፍክም።

ታንኳ ቀዛፊ (በማግስቱ)፦ እህ፣ እንዴት ሆነ? ቱነሩን አወረድክ?